ጎጃም በመዳብ ሰሌዳ ላይ

የተሰጠኝ ርዕስ የድሮ ካርታ ነው፤ በተለይም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ይታተም የነበረው፣ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍትና በሰብሳቢዎች ቤት እንደ ሥዕል ተሰቅሎ የሚታየው ካርታ። ርዕሱ ከከተማችን ከፍኖተ ሰላም የራቀ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እነዚያ ካርታ ሠሪዎች አፍሪካን ሲስሉ ከሁሉ አብልጦ ያስጨነቃቸው ጥያቄ አባይ ከየት ይነሳል የሚለው ነበር። መልሱ ያለው እዚሁ ጎረቤታችን ሰከላ፣ ግሽ አባይ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናየው የራሳችን ቀዬ በሰው እጅ እንዴት እንደተሳለ ነው። ዓመታቱንና ቀናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የምናገረውን በአጭሩ ላስቀድም። ማንኛውም ካርታ ሁለት ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባዋል። የሳለው ሰው የት ቆሞ አየ? ያላየውንስ ከማን ሰማ? ጎጃምን የሚያሳዩትን የድሮ ካርታዎች በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ስንመረምራቸው የምናገኘው መልስ ደጋግሞ አንድ ነው። ዓይናቸው የታች አገር ሰው ዓይን ነው፤ ወሬያቸው ግን የላይ አገር ሰው ወሬ ነው። የታች አገር ሰው ስል በግብፅ በኩል፣ ከባሕሩም ወዲያ ሆኖ «ይህ ውሃ ከየት መጣ» እያለ ወደ ላይ የሚያንጋጥጠውን ማለቴ ነው። የላይ አገር ሰው ስል ደግሞ ምንጩ አጠገብ የሚኖረውን፣ ከብቱን ከዚያ የሚያጠጣውን፣ ጅረቱን በስሙ የሚጠራውን ማለቴ ነው። ዓይኑ የታች፣ ወሬው የላይ። ወደዚህ ሐሳብ ደጋግሜ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እጅ ሥራው እንነጋገር፤ ጥበቡን ያላወቀ ሰው የተደበቀውንም አያገኝምና። ቀራጩ የመዳብ ሰሌዳውን ቀጥቅጦና አለስልሶ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለውለዋል። ከዚያ ስለታም መቅረጫ ብረት ይዞ መዳቡን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ቀጥ ያለው መስመር ቀላል ነው፤ ጠመዝማዛ ወንዝ ሲቀርጽ ግን ብረቱን የያዘው ቀኝ እጁ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ግራ እጁ ነው ሰሌዳውን ቀስ እያደረገ የሚያዞረው። የአባይ ቀለበት ጎጃምን ሲዞር በመዳቡ ላይ የዞረው ሰሌዳው ነው ማለት ነው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ተገልብጦ ነው፤ ምሥራቁ በግራ፣ ምዕራቡ በቀኝ፣ ፊደሉም ከቀኝ ወደ ግራ። ማኅተም ሲቀረጽ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በወረቀት ላይ እንዲቃና በብረቱ ላይ ይጣመማል። ቀረጻው ሲያልቅ ቀለም ይቀባል፣ ፊቱ በጨርቅና በእጅ መዳፍ ተጠርጎ ቀለሙ በስንጥቁ ውስጥ ብቻ ይቀራል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት መዳመጫዎች መካከል ይገፋል። ብዙ ጊዜ የምናየው ቀይና አረንጓዴ ቀለም ከኅትመቱ በኋላ በብሩሽ በእጅ የተቀባ ነው። በዚህ ጥበብ የታተመ የመጀመሪያው የካርታ መጽሐፍ የጥንቱ የበጥሊሞስ ጂኦግራፊ ሲሆን፣ በ1477 በቦሎኛ ወጣ። በብራና ላይ መስመር አስምሮ፣ ቀለም በጥብጦ የሚጽፈውን ቁም ጸሐፊያችንን የምታከብሩ ሰዎች፣ ለዚህም ቀራጭ ያንኑ ክብር እንደምትሰጡት አልጠራጠርም።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ በራሱ በጥበቡ ላይ እናንሳው፤ የሳለው የት ቆሞ አየ? በነዚህ ካርታዎች ላይ ወንዙን ብታዩ ከሰማይ ወደ ታች የታየ ነው። ተራራውን ብታዩ ግን ከጎን የታየ ነው፤ እንደ ኩይሳ ከመሬት ብቅ ብሎ፣ ቀኝ ጎኑ በጥቃቅን ጭረት ጠቁሮ፣ ፀሐይ ሁልጊዜ ከግራ የምትወጣ ይመስላል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይን አለ፤ አንዱ እንደ ንስር ከላይ፣ ሌላው እንደ እግረኛ ከታች። ይህ ለዓይን ደስ ይላል፣ ነገር ግን የሚሰውረው ነገር አለ። ጮቄ ከተራ ኩይሳ እኩል ይሆናል። የአባይ ሸለቆ ደግሞ ፈጽሞ ይጠፋል። ከቡሬ ተነስቶ በወለጋ በኩል የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ አባይ በዚያ ወገን ውሃ ብቻ አይደለም፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል፣ ሌላ አየር፣ ሌላ አዝመራ፣ በአንድ ወቅት የወባ ፍርሃት ነው። የጎጃም ሰው አገሩን የሚከፍለው ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ በከፍታ ነው። መዳቡ ከፍታን የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። ሸለቆውን አንዲት ቀጭን መስመር አደረገው፤ ውሃውን ብቻ የሚፈልግ ዓይን የሚያየው ያንኑ መስመር ነውና።

ሁለተኛው ነጥቤ ስሕተቶቹን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1573 የአንትወርፑ አብርሃም ኦርቴሊየስ የካህኑን ንጉሥ ዮሐንስን፣ ማለትም የሐበሾችን መንግሥት የሚያሳይ ካርታ አወጣ። እጅግ ያማረ ሥራ ነው። በጌጥ በተከበበ ጽሑፍ የንጉሡ ዘር ከዳዊት ይቆጠራል። ግሸን አምባ «የአማራ ተራራ» ተብሎ፣ የንጉሡ ልጆች በዘብ የሚጠበቁበት መሆኑ ተጽፎበታል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ አልፋ ወደ ደቡብ እጅግ ተለጥጣለች፤ አባይም በጥሊሞስ እንደጻፈው ከምድር ወገብ በታች ካሉ ሁለት ታላላቅ ሐይቆች ይነሳል። ይህ እንዴት ሆነ? አንዱ ምክንያት የወሬው አተረጓጎም ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲሽኮ አልቫሬሽ በ1540 በታተመው መጽሐፉ አገሩን የተረከው በመንገድ ቀን ነው። «ጎያሜ» ብሎ የጻፋትን ጎጃምን በእግሩ አልረገጣትም፤ የሰማውን ነው የጻፈው። በአገራችን የአንድ ቀን መንገድ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ወጥቶ፣ ከተነሱበት ፊት ለፊት ማደር ነው። በአንትወርፕና በቬኒስ የተቀመጠው ካርታ ሠሪ ግን የመንገዱን ቀን በሜዳ ላይ እንደተሄደ አድርጎ ዘረጋው። ገደልና ዳገታችን ተዘርግቶ ሜዳ ሲሆን ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ ወዲያ ወረደች። ወሬው እውነት ነበር። የተሳሳተው ወሬውን የተቀበለው ዓይን ነው።

መዳብ ደግሞ ስሕተትን ያቆያል። አንድ ሰሌዳ መቅረጽ ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱ እስኪያልቅ ያትምበታል፣ ሌላውም እያየ ይገለብጠዋል። የኦርቴሊየስ የካርታ መጽሐፍ ከ1570 እስከ 1612 ደጋግሞ ታትሟል። አሁን ሁለት ዓመታትን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር መጥቶ በሰከላ ምንጩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ያየውንም ጻፈ። በ1630ዎቹ አጋማሽ ግን በአምስተርዳም የታወቀው ካርታ ሠሪ ዊለም ብላው ባወጣው የኢትዮጵያ ካርታ አባይ አሁንም ከነዚያው የደቡብ ሐይቆች ይወርዳል። ውሃው ሰከላ ላይ እየፈለቀ፣ ሰከላን ያየ ሰው መስክሮ፣ ሰሌዳው ግን ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለውን የበጥሊሞስን ቃል ይዞ ቀጠለ። የተጻፈ የጥንት ቃል ከዓይን ምስክር ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ እንዳለ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ለውጡ ከየት መጣ? በሦስተኛ ደረጃ የማነሳው ይህን ነው፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት እሱ ነው። ከ1624 እስከ 1633 በኢትዮጵያ የኖረው ማኑኤል ደ አልሜይዳ አገሩን ተዘዋውሮ ካርታ ሣለ፤ ካርታው በ1660 በኮይምብራ በታተመው በባልታዛር ቴሌሽ መጽሐፍ ውስጥ ተቀርጾ ወጣ። በዚህ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ወደ ትክክለኛ ቦታዋ፣ ከምድር ወገብ በላይ ተመለሰች። አባይም ከሰከላ ተነስቶ ወደ ሰሜን ጣና ገባ፣ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞረ። ከዚያ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ መጣ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ፣ በ1683 ደግሞ ካርታውን። ይህ ሰው ኢትዮጵያን በሕይወቱ አላያትም። ስለ አገሩ የነገረው አንድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ።

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ በአማራ የተወለዱ ካህን ነበሩ። በ1649 በሮም ከሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 በመስፍኑ ኤርንስት ግብዣ እስከ ጎታ ድረስ ሄደው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። እዚያ ቀን በቀን ሲጠየቁ ሲመልሱ ሰነበቱ፤ ቋንቋውን፣ ሥርዓቱን፣ ተክሉን፣ ወንዙን። የአባይን አካሄድ ሉዶልፍ ጠይቋቸው የመለሱትን በመጽሐፉ አስፍሮታል። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ በባሕር ላይ ሞቱ። መልካቸው በመዳብ ተቀርጾ በሉዶልፍ መጽሐፍ ወጥቷል፤ በካርታው ርዕስ ላይ ግን ስማቸው የለም። እንግዲህ አስቡት፤ አባይ ጎጃምን ምን ጊዜም በቀኝ እጁ ይዞ እንደሚዞር የጎጃም እረኛ ያውቃል። ያ የእረኛ እውቀት በካህን አፍ፣ በጀርመን አገር ተነግሮ ወደ መዳብ የገባ እውቀት ነው። ዓይኑ የታች አገር ሰው ዓይን ነው ብያለሁ፤ ወሬው ግን የላይ አገር ሰው ወሬ ነው። የሉዶልፍ ካርታ ከቀደሙት የተሻለው መቅረጫው ስለተሳለ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው ስላገኘ ነው።

ስሕተት የሚመስል ሁሉ ስሕተት አለመሆኑንም እዚሁ ላክልበት፤ በተለይ ለዳሞት ሰዎች። በአንዳንድ የድሮ ካርታዎች ዳሞት ከአባይ ወዲያ፣ በደቡብ ይገኛል። ቡሬ ዳሞት እያለ ላደገ ሰው ይህ ግልጽ ስሕተት ይመስለዋል። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን ዳሞት በእርግጥም ከአባይ ደቡብ የነበረ ታላቅ ግዛት ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኦሮሞ መስፋፋት ጊዜ ሕዝቡ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባ፤ ስሙንም ይዞት መጣ። ካርታው ላይ የምናየው ስም የአንድ ሕዝብ የድሮ መኖሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ካርታ «ተሳስቷል» ብሎ የጣለ ሰው የራሱን አያቶች ስደት ነው የጣለው። እኔ ከካርታ ስሕተት ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ጄምስ ብሩስ እንሂድ። ስኮትላንዳዊው ብሩስ ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ፤ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ ከተቀረጹ ካርታዎችና ሥዕሎች ጋር በኤዲንብራ አወጣ። የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ የአባይን ምንጭ ለማግኘት የተደረገ ጉዞ ይላል። ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ ፓኤዝ እዚያው ቆሞ እንደነበር ሊቀበል አልፈለገም። ከዚህ የበለጠ ግን የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ነበር፤ ሥዕሎቹን የሣለ፣ ወደ ምንጩም አብሮት የወጣ፣ በኋላም በጎንደር የሞተ ሰው ነው። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒ ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ከማን ሰማ የሚለው፣ እዚህ ላይ ይጠነክራል። የራሱን የአውሮፓ ባልደረባ ከወረቀቱ ያጠፋ ሰው የግሽን ሰዎች ምን ያህል ያሳያል? ሆኖም ብሩስ የጻፈውን ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው ያገኛቸዋል። ወልዶ የተባለ መንገድ መሪ አለ። ክፍለ አባይ የተባሉ ሽማግሌ አሉ፤ የምንጩ ጠባቂ፣ የወንዙ ካህን፣ አገው። ብሩስ «አገኘሁት» ያለውን ምንጭ ያስተዋወቁት፣ ሥርዓቱን የነገሩት እሳቸው ናቸው። በተቀረጸው ካርታ ላይ የብሩስ መንገድ በመስመር ተሰምሯል፤ የሽማግሌው ቤት ምልክት የለውም።

ስለ ባዶ ቦታና ስለ ነጠብጣብ መስመር በአጭሩ ልናገር። በ1749 ፈረንሳዊው ዳንቪል የአፍሪካን ካርታ ሲያወጣ ማስረጃ ያላገኘበትን ቦታ ዝሆንና አንበሳ ከመሙላት ባዶ ተወው። ይህ ትልቅ የሕሊና ሥራ ነው፤ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ባዶነትም ዓይን አለው። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን በ1925 ሥራውን ሲጀምር በያዘው ካርታ ላይ አባይ ጎጃምን የሚዞርበት መስመር ብዙው ነጠብጣብ ነበር፤ ማለትም ያልታወቀ። ለማን ያልታወቀ? ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ጎጃምን ሲዞር በየጁቤ አጠገብ የባሶን ገበያ አይቷል፤ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ባሪያውም ጭምር ከአባይ ማዶ እየተሻገረ የሚመጣበት ገበያ ነበር። የጎጃም ነጋዴ ያን «ያልታወቀ» ሸለቆ በየዓመቱ ይወርድና ይወጣ ነበር። ነጠብጣቡ የሚለው «እኔ አላየሁትም» ነው እንጂ «ማንም አያውቀውም» አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱን ልመልስ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ወሬ መንገር ቀላል ነው፤ ካርታ መሥራት ግን ሙያና ሳይንስ ነው፣ ክብሩም የሠሪው ነው። ሙያው ትልቅ መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ነገር ግን የአገራችን ሰው ወሬ ብቻ አልነገረም። በ1450 አካባቢ በቬኒስ የዓለምን ካርታ የሠራው መነኩሴ ፍራ ማውሮ፣ ስለ ሐበሻ ምድር ያገኘውን እዚያው ከተወለዱ ካህናት እንደተቀበለና አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት በካርታው ላይ ጽፏል። የሱ ካርታ በእጅ የተሣለ እንጂ በመዳብ የተቀረጸ አይደለም፤ ነገር ግን አባይን በስሙ ይጠራዋል። በራሳችንም ብራናዎች ውስጥ አክሱምን በመሐል አድርገው አውራጃዎቹን በክብ የሚያሳዩ ካርታዎች አሉ። የላይ አገር ሰው ሲስል መሐሉ ላይ የሚያስቀምጠው የሚኖርበትን ነው። ደግሞም ሙያና ጆሮ አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚሆን በተጓዡ በአንትዋን ዳባዲ እናያለን። ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ቆይቶ ከተራራ ወደ ተራራ በመሣሪያ እያነጣጠረ ለካ፤ ወንድሙ አርኖ በጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ቤት ኖረ። አንትዋን የቦታ ስሞችን በአገሩ ሰው አነጋገር ለመጻፍ ደከመ፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት እስከ ማሳተም ደረሰ። የለካውን ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ። ከተጓዦቹ ሁሉ ጆሮው የተከፈተ እሱ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ካርታውም ስለዚህ ነው ከሌሎቹ ይልቅ የሚታመነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። እነዚህ ካርታዎች የቅኝ ገዢዎች መሣሪያ ነበሩ፤ ውበታቸውን ማድነቅ የወራሪን ጦር ማድነቅ አይሆንም ወይ? ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ግንቦት 15 ቀን 1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ያለ ስምምነት የአባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቷል። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ቡሬ የለችም፣ ገበሬ የለም፣ ማሳ የለም፤ ወደ ታች የሚወርድ ውሃ ብቻ አለ። ለሦስት መቶ ዓመት ጎጃምን እንደ ምንጭ ብቻ የሣለ ዓይን በመጨረሻ እንዲህ ያለ ውል ቢጽፍ አይገርምም። እኔ ይህን ስል ካርታው ውሉን ወለደ ማለቴ አይደለም፤ ውሉ ብዙ ሌላ ምክንያት አለው። ሁለቱ የተጻፉት ግን ከአንድ መቆሚያ ላይ ነው። ታዲያ ይህ ካርታዎቹን እንድንሸሻቸው ምክንያት ይሆናል? እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የታች አገር ሰው እንዴት እንደሚያየን በዚህ ያህል ግልጽነት የነገረን ሌላ ሰነድ የለም። በዚያ ላይ በየካርታው ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስና የክፍለ አባይ ቃል አለ። ካርታውን ለባዕድ ብቻ የሰጠነው እንደሆነ የነሱንም ቃል አብረን ሰጠን ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወጣቶቹ የሚመጣ ይመስለኛል፦ ዛሬ ስልኬን ስከፍት ሳተላይት ቤቴን ያሳየኛል፤ የድሮ ካርታ ምን ያደርግልኛል? ሳተላይቱ ከኦርቴሊየስ በላይ በትክክል እንደሚያይ እቀበላለሁ። ነገር ግን ሳተላይት ስም አያውቅም። በስልካችሁ ካርታ ላይ ላህንና ብርን፣ ተምጫንና ፈጠምን ፈልጉ፤ ከዚያ የየጎጡን ምንጭ፣ የየዛፉን ጥላ፣ የየማሳውን ስም ፈልጉ። ትልልቆቹ ይገኙ ይሆናል፤ ትንንሾቹ በሰው አፍ ብቻ ናቸው። ስምም ይለወጣል። ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ስም ስለሆነ ዛሬ በጠቀስኳቸው የተቀረጹ ካርታዎች ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ምድሯ ግን እዚያው አለች፣ በሌላ ስም ወይም ያለ ስም። ይህን በደንብ የሚረዳው ገበሬው ነው። በክልላችን የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ፣ በኋላም ማሳው በአየር ፎቶ ላይ ሲሰመር፣ ባለሙያው ብቻውን አልጨረሰውም። አዋሳኞች ተጠርተው በድንበሩ ላይ ቆመው፣ ከዚህ ግራር እስከዚያ ድንጋይ፣ ከቦዩ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ የሱ ብለው እያመለከቱ ነው መስመሩ የተሰመረው። በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር ያለው ቃዳ በጎረቤት ምስክርነት የቆመ ነው። ቀራጩ በመዳቡ ፊት፣ ባለሙያው በፎቶው ፊት፣ ሁለቱም አጠገባቸው ቆሞ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። የዛሬው የሚበልጠው የሚነግረው ሰው በስሙ ስለሚፈርም ነው።

ጊዜያችን እያለቀ ስለሆነ ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት መብራቱን ቀነስ አድርገን የሉዶልፍን የ1683 ካርታ በግድግዳው ላይ እናያለን። የጠረዙን ጌጥ ለጊዜው ተዉትና ጣታችሁን በአባይ ምንጭ ላይ አኑሩ። ከዚያ ውሃውን ተከተሉ፤ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ወደ ጣና፣ ከጣና ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ፣ ከዚያ እኛን ዞሮ ወደ ምዕራብ። ፊደሉ የላቲን ነው፤ ስሞቹ ግን ድምፃቸው ተጎድቶ የኛ ናቸው፣ ጮክ ብላችሁ ስታነቧቸው ትሰሟቸዋላችሁ። ከሰከላና ከቡሬ የመጣችሁ ሽማግሌዎች፣ እኔ ማንበብ ያቃተኝን ስም እናንተ ታውቁት ይሆናል። ተማሪዎች ወረቀትና እርሳስ ይዘዋል፤ ስሙን ስትናገሩ የተናጋሪውንም ስም አብረው ይጽፋሉ።